ኖሪን እጇ ላይ የተቀመጠችበት ጠዋት

በዚያ ጠዋት ኖሪን ከቤቷ ስትወጣ ልዋሽ ብላ አልወጣችም። በሰፈሩ ውሸት የማያውቅ አፍ ያላት እሷ ናት ይባላል፤ ችግሩ አፏ እውነቱንም ለስለስ አድርጎ መናገር አለማወቁ ነው።

ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሃያ ሦስቱን በትምህርት ቤቱ ረዳት መምህርት ሆና አሳልፋለች። ነጮቹ መምህራን ከአውስትራሊያዋ የበረሃ ከተማ ከአሊስ ስፕሪንግስ ይመጣሉ፣ ሙቀቱንና ዝንቡን ያያሉ፣ ዓመት ሳይሞላቸው ዕቃቸውን ጭነው ይመለሳሉ። ልጆቹን በአገሬው ቋንቋ በዋርልፒሪ የምትቆጣው፣ ንፍጣቸውን የምትጠርገው፣ ማን ከማን አጠገብ መቀመጥ እንደማይገባው የምታውቀው እሷ ናት። ዳኛው በወር አንዴ በትንሿ አውሮፕላን ሲመጣ የምታስተረጉመውም እሷው ናት። ባሏ ከብት እርባታ ጣቢያ ይሠራል፤ ሲመጣ ትጣላዋለች፣ ሲሄድ ትናፍቀዋለች።

እዚህ ሰው ሁሉ ከስምንት የወገን ስሞች አንዱን ይዞ ይወለዳል፤ የእሷ ኑንጋራዪ ነው። ኖሪን የሚላት የመንግሥት ወረቀትና የተጣላት ሰው ብቻ ነው። እኛ ለአያያዝ ይመቸን ዘንድ ኖሪን እንበላት፤ ካወቀች ትቆጣለች።

ከጆሮ ባለሙያዋ ከሜጋን ጋር የተዋወቁት ባለፈው ዓመት ነው፤ ያውም በጠብ። ሜጋን የጆሮ መመርመሪያ ክፍል ያለበትን መኪናዋን ትምህርት ቤቱ ጓሮ አቁማ ልጆቹን አንድ በአንድ እያስገባች፣ በማዳመጫ የእንግሊዝኛ ቃል እያሰማች ሥዕል ታስጠቁማቸው ነበር። በእንግሊዝኛ ፍየልና ካፖርት የሚለያዩት በመጀመሪያዋ ድምፅ ብቻ ነው። በዋርልፒሪ ጆሮ ደግሞ እነዚያ ሁለት ድምፆች አንድ ናቸው፤ ቋንቋው ለይቷቸው አያውቅም፣ ለይቶም የሚጠቀመው ነገር የለም። ከሃያ አራቱ ልጆች አሥራ ዘጠኙ ፍየሉን ካፖርት፣ ካፖርቱን ፍየል እያሉ ወጡ። ለአሥራ ዘጠኙም "ድምፅ መለየት ይቸግረዋል" የሚል ወረቀት ተጻፈላቸው።

ኖሪን ወረቀቱን ስታነብ ደሟ ፈላ።

"እስቲ እኔን ፈትኚኝ" አለች።

ተፈተነች። ወደቀች። ለዳኛ የምታስተረጉመው ሴት ካፖርት ለተባለው ፍየል ጠቆመች። በመስኮት አንገታቸውን አስግገው የሚያዩት ሴቶች እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። የባሏ እህት ናንጋላ፣ የሰው ጉድ ያልቀመሰች ቀን ምሳ የማያረካት ሴት፣ "ኑንጋራዪ ሆይ፣ ፍየል ለብሰሽ ልትሄጂ ነው!" ብላ ጮኸች።

"ቆይ" አለች ኖሪን። "አሁን ተራው የእኔ ነው። ተቀመጪ፣ አክስቴ።"

ሰፈሩ ለሜጋን ናፓልጃሪ የሚል የወገን ስም ሰጥቷታል፤ በዚያ ስሌት የሠላሳ አንድ ዓመቷ ሜጋን የሃምሳ አንድ ዓመቷ ኖሪን አክስት ሆና አረፈች። አክስት የተባለችውም ተቀመጠች። ኖሪን በዋርልፒሪ "እሳት" አለቻት፣ ከዚያ "ራስ" አለቻት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምላስ ጥርስ ሥር መንካቷና ወደ ኋላ ተቆልምማ ላንቃ መንካቷ ነው። እዚህ የሦስት ዓመት ልጅ አይሳሳተውም። ጨውን ቸው፣ ጤፍን ቴፍ የሚል ፈረንጅ ያየ ሰው የሜጋንን ፊት መገመት አያቅተውም። አሥር ጊዜ ተጠየቀች፣ አምስቱን በግምት አገኘች። ኖሪን ባዶ ቅጽ ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና በትልልቅ ፊደል ሞላችው፦ "ስም ሜጋን። ጆሮዋ ደካማ። በአስቸኳይ ወደ ከተማ ትላክ።"

ያ ወረቀት ሱቁ በር ላይ ተለጥፎ ከረመ።

ሜጋን ለነገሩ ኩሩ ሴት አይደለችም። መጀመሪያ ቀላች፣ ከዚያ ሳቀች፣ በማግስቱ ኖሪን ደጃፍ መጥታ መሬት ላይ ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች ነገሩን አስረዳቻት።

"ሕፃን ሲወለድ የየትኛውንም አገር ድምፅ ይለያል። የአንቺንም፣ የእኔንም። ከዚያ ቤቱ የሚናገረውን እየሰማ፣ ቤቱ የማይፈልገውን ድምፅ በር ይዘጋበታል። ዓመት ሳይሞላው መዝጋት ይጀምራል። አንቺ የእኔን ዘግተሽ፣ እኔ የአንቺን ዘግቼ ነው ያደግነው።"

"አሁን ብናንኳኳስ?"

"ይከፈት ይሆናል። ግን እንደ ልጅነት ወለል ብሎ አይደለም።"

"ታዲያ የአሥራ ዘጠኝ ልጆች ስም በዚያ በር ምክንያት ለምን አጠፋሽ?" አለቻት። ኖሪን ይቅርታ ስትቀበል እንኳ እንደተቆጣች ነው።

እንዲህ ተጀምሮ ነው የዘንድሮው ፈተና በዋርልፒሪ የሆነው። ስምንት ጥንድ ሥዕል ኖሪን ራሷ ሣለች፦ እሳትና ራስ፣ ሌሎችም የአንዲት ድምፅ ልዩነት ያላቸው። ቃሉን የምትናገረው እሷ ናት። ልጁ ይጠቁማል። የሜጋን ጆሮ የትኛው ቃል እንደተባለ ስለማይለይ፣ ልጁ ልክ መሆን አለመሆኑን የምትናገረውም ኖሪን ናት፤ ሜጋን ምልክት ታደርጋለች። ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ መሣሪያ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ሲያንገጫግጨው መጥቶ እዚህ ሲደርስ ነፍሱ ወጥታ ነበርና ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በኖሪን አፍ ላይ ነበር።

በሁለት ቀን ሃያ ሁለት ልጆች ተፈተኑ። ሃያ አንዱ አለፉ። ኖሪን በሰፈሩ ውስጥ ደረቷን ነፍታ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሻኔል ተራ ደረሰ።

ሻኔል የታናሽ እህቷ ልጅ ናት፤ እዚህ የእናት እህት እናት ስለሆነች የኖሪንም ልጅ ናት። አምስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። የወለደቻት እናቷ ኩላሊቷ ከከዳት ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ደሟን ሊያጥቡላት ከተማ ቀርታለች። ልጅቷን ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት አያቷ ናካማራ፣ የኖሪን እናት ናት፤ ያሳደገቻትም ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ነው።

እዚያ ግቢ ድምፅ የለም። ባል የሞተባት ሴት የባሏ ወገኖች አፏን በሥርዓት እስኪፈቱላት ድረስ አትናገርም፤ የምታወራው በእጇ ነው። እጅ ስንል ደግሞ ለጥማትና ለረሃብ ምልክት መስጠት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሐሜቱም፣ ቀልዱም፣ እርግማኑም ሳይቀር በእጅ ይነገራል። የናካማራ ባል በሞተ በዓመቱ፣ አፏ ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው የበኩር ልጇ ሞተ። ለልጅም እንዲሁ ነው ዝም የሚባለው። እንዲህ ከሞት ላይ ሞት ተደራርቦ ናካማራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣትም።

ሻኔል በእጅ ማውራት የተማረችው ከእነዚህ ሴቶች ነው። የሰባ ዓመት ባልቴት እጅ አላት። ግቢውን በእጇ ስታስቀው ውላ ስታስቀው ታመሻለች። በአፏ ግን ጥቂት ቃል፣ እሱም ድፍንፍን ያለ ነው። ማንም አልተጨነቀም። "የባልቴቶች ልጅ አይደለች? አፏ ከአያቷ አፍ ጋር ይፈታል" ይላል ሰው ሁሉ። ኖሪንም ብላዋለች፤ አንዴ አይደለም፣ መቶ ጊዜ።

ችግሩ የመጣው ሜጋን ከትናንት በስቲያ የልጅቷን ጆሮ በመብራት ስታይ ነው። በሁለቱም በኩል ታምቡሯ ቀዳዳ ነበረው። መግል ያልወረደው ጆሮ እዚህ ስለሌለ ይህ ብቻውን ወሬ አይደለም፤ ቀዳዳ ይዘው ደህና የሚሰሙ ልጆች ሞልተዋል።

"ቀዶ ሐኪሙ ሰኞ ከተማ ይገባል" አለቻት ሜጋን ትናንት ማታ። "የቀረኝ አንድ ቦታ ነው። ስሙን እስከ ነገ ቀትር ድረስ መላክ አለብኝ። የሻኔል ውጤት ጥሩ ከሆነ ቦታውን ለሌላ ሰፈር እሰጠዋለሁ። ካልሆነ እሷ ትሄዳለች። የታምቡሯ ቀዳዳ ይደፈናል፣ ከዚያም ጥቂት ወር እዚያው መስማትና መናገር ትማራለች።"

ናካማራ ይህን ሰምታ በዚያ ጠዋት ኖሪን ደጃፍ ጠበቀቻት። ፀጉሯ የተላጨ፣ ከሲታ፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። እጇ እንደ አለንጋ ይጮኻል።

"ከዚህ በአውሮፕላን የሄደ በሳጥን ነው የሚመለሰው" አለች በእጇ። "አባትሽ በአውሮፕላን ሄደ። ወንድምሽ በአውሮፕላን ሄደ። እህትሽ ሄዳ ይኸው መመለሻ የላትም። ያ ከተማ ከእኔ ሆድ ስንት ሰው ሲበላ ይጠግባል?"

"እማዬ፣ የሚወስዳት የለም። ትሰማለች። ከአንድ በቀር ሁሉም እኮ አልፈዋል።"

"ማይልኝ።"

"ፈታኟ እኔ አይደለሁም እንዴ? ከእኔ እጅ ማን ይወስዳታል?" አለች ኖሪን። አፏን ሞልታ ነው የተናገረችው። ናካማራ አንገቷን ነቀነቀችና ልጅቷን በእጇ ይዛ መኪናው ደረጃ ድረስ አብራ መጣች፤ ደረጃው ላይም ተቀመጠች፣ ንቅንቅ አልልም እንዳለች ያስታውቃል።

መኪናው ውስጥ ማቀዝቀዣው ለጸጥታ ሲባል ጠፍቷል። ሙቀቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሚያፍን ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ናንጋላና ሁለት ሌሎች ሴቶች ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል።

ሻኔል ወንበሯ ላይ ወጣች፤ እግሯ መሬት አይደርስም። ኖሪን ከፊቷ ተቀመጠች፣ ሥዕሎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፣ ጀመረች። እሳት አለች። ልጅቷ እሳት ጠቆመች። ራስ አለች። ራስ ጠቆመች። ስምንቱንም አንድ ሳትስት ጨረሰች። የመጨረሻውን ስትጠቁም ምላሷን አውጥታ ሜጋን ላይ አሾፈች።

"አየሽ?" አለች ኖሪን ወደ ሜጋን ዞራ። "አያቷን ላሰናብታት?"

ሜጋን ምልክቱን አላደረገችም። እስክሪብቶዋ አየር ላይ ቆሟል።

"ኑንጋራዪ፣ ሌሎቹ ልጆች ሲሰሙ ሥዕሉን ነበር የሚያዩት" አለች። "ይህቺ ሥዕሉን አላየችም። አንቺን ነው የምታየው።"

"እናቷ ነኝ። ማንን ትይ?"

"እጅሽ ይናገራል።"

ኖሪን እጇን አየችው። ቀኝ እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር፣ ጣቶቿ የመጨረሻውን ቃል ምልክት እንደያዙ። አላወቀችውም። እዚህ አፍ ሲናገር እጅ አብሮ ይናገራል፤ የሚያስተውለው የለም፣ ሰው ሲራመድ ክንዱ እንደሚወዛወዝ ነው።

"እጅሽ ላይ ተቀመጪበት" አለች ሜጋን ቀስ ብላ። "አፍሽን እኔ በወረቀት እከልለዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ እንድገመው።"

"እጄ ላይ?"

"ይቅርታ አድርጊልኝ። አዎ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሪን አንድ ነገር ትናገራት ነበር። እጅ ላይ ተቀመጪ ማለት እዚህ አገር አፍሽን ስፊው ከማለት አይሻልም። ዛሬ ግን ታዘዘች። ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው። ሜጋን ወረቀቱን አፏ ፊት ያዘች።

"እሳት" አለች ኖሪን።

ሻኔል ወረቀቱን አየች። ወደ ኖሪን ጉልበት አየች፣ እጅ የለም። እንደገና ወረቀቱን አየች። ጨዋታ መስሏት ፈገግ አለችና ጣቷን ራስ ላይ አሳረፈች።

"ልክ ነው?" አለች ሜጋን።

ደረጃው ላይ የናካማራ ጀርባ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ፊቷን ወደ ውስጥ መልሳለች። ሥዕሉንም፣ የልጅቷንም ጣት ታያለች። የተባለውንም ቃል ሰምታለች፤ አፏ ነው የታሰረው እንጂ ጆሮዋ አልታሰረም።

"ልክ ነው" አለች ኖሪን።

ሜጋን ምልክት አደረገች።

ሁለተኛውን ቃል ተናገረች። ሻኔል አልጠቆመችም፤ ጣቷን ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ቀስ እያለች አንቀሳቀሰች፣ ዓይኗን ከኖሪን ግንባር ላይ ሳታነሣ። ትክክለኛው ሥዕል ላይ ስትደርስ የኖሪን ቅንድብ ሳታስበው ተነሣ። ጣቷ እዚያው አረፈ።

"ልክ" አለች ኖሪን። ይህኛው እንኳ ውሸት አልነበረም፤ ግን ከውሸቱ የባሰ አስደነገጣት። ልጅቷ ለስንት ጊዜ እንዲህ ስታደርግ ኖራለች? ስንት ቀን፣ ስንት ሰው ፊት ላይ?

ለሦስተኛው ዓይኗን ጨፈነች። ቃሉን ተናገረች። ስትገልጥ ጣቱ ያለው ሌላው ሥዕል ላይ ነበር።

"ልክ።" አራተኛውንም እንዲሁ። "ልክ።"

የሜጋን ፊት ፈታ አለ። ደስ ብሏታል፤ ይህቺ ነጭ ሴት ልጅቷ እንድትሰማ ከልቧ ትፈልግ ነበር። ውጭ ያሉት ሴቶች ሥዕሉን አያዩትም፤ በዓለም ላይ ይህን ውሸት ሊለይ የሚችል ጆሮ በዚያ ሰዓት ሁለት ብቻ ነበር፦ አንዱ የኖሪን፣ ሌላው የናካማራ። የናካማራ አፍ እንደሆነ ተዘግቷል። ልጅቷን ለማዳን አራት ቃል ብቻ ነበር የቀራት። በዕድሜዋ ሙሉ ለእንግሊዝኛ ድምፅ የተዘጋው ጆሮዋ ሲያስቀልድባት ኖሮ፣ ዛሬ የሌላ ሰው ጆሮ መዘጋት ይህን ያህል ሥልጣን ሰጣት።

ናካማራ ከደረጃው ላይ እጇን በትንሹ አነሣች። "ቀጥዪ" አለች። "ወረቀቱ ነው ያደናገራት። ቀጥዪ።"

ኖሪን መቀጠል አልቻለችም። ነገሮች በአንድ ጊዜ ትዝ ይሏት ጀመር። ባለፈው ሳምንት የሱቁ መኪና ከኋላዋ ጡሩንባ ሲነፋ ሻኔል መንገዱ መሃል ቆማ ጠጠር ስትለቅም ነበር፤ ኖሪን ሮጣ ጎትታት፣ "እልኸኛ!" ብላ ቂጧን መታታለች። መታታለች! ክፍል ውስጥ ስትጠራት አትዞርም፤ "የአያቷ ቅምጥል" ብላ አልፋታለች። የሰው ልጅ ጆሮ ሲሰማው ላደገው ድምፅ በሩን ከፍቶ ላልሰማው ይዘጋል ያለቻት ሜጋን ናት። ይህቺ ልጅ የእንግሊዝኛውን በር ዘግታ እንደሆነ ኖሪን ምንም አይመስላትም ነበር። ግን የዋርልፒሪው በርስ? የእናቷ ቋንቋ፣ የአያቷ ቋንቋ፣ ያ እሳትን ከራስ የሚለየው ቋንቋ ደጅ ቆሞ ሲያንኳኳ ማን ከፈተለት? አምስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። በሩ ስንት ቀን ይጠብቃል?

"ኑንጋራዪ?" አለች ሜጋን።

"እቀጥላለሁ። ወረቀቱን ያዢው።"

ዓይኗን ጨፈነች። ሥዕል ላይ የሌለ ቃል መረጠች። ሳትጮህ፣ ሳትቸኩል፣ ሌሎቹን ቃላት በተናገረችበት ድምፅ፣ በዋርልፒሪ "እባብ" አለች። "እግርሽ ሥር እባብ አለ።"

ደረጃው ላይ የናካማራ የሻይ ጣሳ ወድቆ ተንቋቋ። ባልቴቷ ዘላ ቆማለች። ውጭ ናንጋላ "የት? የት ነው? ውይ እናቴ!" ብላ አግዳሚው ወንበር ላይ ወጣች፤ ከሷ ጋር የነበሩት ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተበተኑ። እዚህ አገር ያ ቃል ሲጠራ የማይዘል ሕያው ሰው የለም። ሜጋን እንኳ ምን እንደተባለ ሳታውቅ ደንግጣ ዞረች።

ሻኔል አልተንቀሳቀሰችም። እግሯን እያወዛወዘች፣ ጣቷን ሥዕሎቹ ላይ አዘጋጅታ፣ ወረቀቱን በፈገግታ ታያለች። የሚቀጥለውን እየጠበቀች ነው።

ኖሪን ወረቀቱን በግንባሯ ገፋ አድርጋ ጣለችው።

"ስህተት ብለሽ ጻፊ" አለች። "የመጀመሪያውም ስህተት ነው። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። ሁለተኛውን ከፊቴ ላይ ነው ያነበበችው። ዋሽቼሻለሁ፣ አክስቴ።"

ሜጋን አንድ ጊዜ አየቻት። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሰረዘችና ከሥሩ አዲስ ጻፈች።

"ውጭ ምን ሆናችሁ? እባቡ የታለ?" ትላለች ናንጋላ አሁንም ከወንበሩ ላይ ሳትወርድ። "ሞተ እንዴ? ተናገሩ እንጂ!"

"ዝም በይ፣ ናንጋላ" አለች ኖሪን። ናንጋላ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች።

ናካማራ ወደ ውስጥ ገባች። በልጅቷ ኋላ ዞራ ቆመች። አፏን ከፈተች፤ ለአፍታ ኖሪን ልትናገር ነው ብላ ፈራች፣ ሦስት ዓመት የተጠበቀው ዝምታ በአንድ ቃል ሊፈርስ ነው። ናካማራ አፏን መልሳ ገጠመች። ሁለት እጇን አነሣችና በልጅቷ ጆሮ አጠገብ በኃይል አጨበጨበች። ጥይት የተተኮሰ ነበር የሚመስለው። ሻኔል ምንም አልሆነችም። ትንሽ ቆይታ ነፋሱ አንገቷን ሲነካት ዞራ አያቷን አየችና ሳቀች፣ እሷም መልሳ አጨበጨበችላት።

ባልቴቷ መኪናው ወለል ላይ ቁጭ አለች።

"እኔ ነኝ" አለች በእጇ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀስ ብሎ የሚናገር እጅ አልነበራትም። "ሦስት ዓመት በእጄ ስመግባት፣ በእጄ ሳስተኛት፣ እኔ ነኝ የሸፈንኩባት። እጄን ባላወቀች ኖሮ ይታወቅ ነበር።"

"እማዬ፣ እጅሽን ባታውቅ ኖሮ እስከ ዛሬ ከሰው አልተነጋገረችም ነበር" አለች ኖሪን። ይህን የተናገረችው በአፏ ነው፤ እጆቿ አሁንም ጭኗ ሥር ናቸው። "ሁላችንም ነን። እኔ አስተማሪዋ ነኝ። መታኋት እኮ። ባለፈው ሳምንት መታኋት።"

"የመሄጃዋን ወረቀት ፈርሚ" አለች ናካማራ።

"እማዬ..."

"ፈርሚ አልኩሽ። ግን ብቻዋን አትሄድም። እዚያ እጅ የሚያውቅ ማን አለ? ማን ውኃ ጠማሽ ወይ ይላታል? ቆርጠዋት ስትነቃ ማንን ታያለች?"

"አባቴ ያረፈበት ሆስፒታል ነው። ያው ቤት ነው። ላንቺ ያን ደጅ መርገጥ..."

"የት እንደሆነ ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ?" አለች ናካማራ። "በሩንም አልጋውንም አውቀዋለሁ። ለአክስትሽ ንገሪያት፣ አንድ አልጋ ለሁለታችን ይበቃናል።"

ኖሪን ለሜጋን ተረጎመችላት። ዳኛ ፊት ሃያ ዓመት የሰው ዕዳና ወንጀል ሳትንተባተብ ስትተረጉም የኖረች ሴት እነዚያን ጥቂት ቃላት ተረጉማ መጨረስ አቃታት። መሃል ላይ እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች። ሜጋን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ናካማራ ያለ ድምፅ ነበር የምታለቅሰው፣ እንባዋ በአገጯ ጫፍ ተንጠልጥሎ።

ሻኔል ሥዕሎቿን ትታ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። በባልቴቶቹ ግቢ ውስጥ ሴቶች ተሰብስበው የሚያለቅሱበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ እሷም ያንን በአምስት ዓመት ተኩል ዕድሜዋ ከማንም በላይ ታውቃለች። ፈገግታዋ ጠፋ። ትንሿን እጇን አነሣችና ኖሪንን ጠየቀቻት።

"ማን ሞተ?"

ኖሪን ለመመለስ አፏን ከፈተች። ከፈተችና ተወችው። እጆቿን ከጭኗ ሥር መዝዛ አወጣቻቸው፤ ደንዝዘው ነበር፣ የወንበሩ ብረት መዳፎቿ ላይ ተስሏል። ጣቶቿ እስኪታዘዙላት ጥቂት ጠበቀችና በእጇ መለሰችላት።

"ማንም። ማንም አልሞተም።"

ሻኔል አላመነቻትም። ከወንበሯ ወረደች፣ በአያቷ አጠገብ አለፈች፣ በሩ ላይ ቆመችና ማን እንደጎደለ ለማወቅ ውጭ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ በጣቷ መቁጠር ጀመረች።